ስልኩ በማን እጅ ነው? የማህፀን ካንሰር ክትትል ከርቀት

  

ከአሶሳ ተነስታ አዲስ አበባ ለክትትል የምትመላለስ አንዲት እናት እናስብ። የማህፀን በር ካንሰር ታክማለች፤ ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሳለች። አሁን በየሦስት ወሩ ቀጠሮ አላት። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብቻዋን አትመጣም፤ አስታማሚ አላት፣ የአስታማሚው ሥራም ይቆማል። የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የሁለት ሰው አልጋ፣ የሁለት ሰው ምግብ። ገና ሳይነጋ ካርድ ክፍል ትሰለፋለች፣ እስክትጠራ ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ዘንድ ስትገባ አንዳንዴ ጉዳዩ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። «ምን ይሰማዎታል?» «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» «ጥሩ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ።»

ከእነዚህ ጉዞዎች የተወሰኑትን በስልክ መተካት ይቻላል ወይ? ቢቻልስ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ይቀበሉታል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መሣሪያው ተገዝቶ፣ መተግበሪያው ተሠርቶ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው «ለምንድን ነው የማይጠቀሙበት?» ተብሎ የሚጠየቀው።

የራሴን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር። አንዲት ታማሚ የርቀት ሕክምናን እሺ ወይም እምቢ የምትለው በሁለት ነገር ነው። በዚያኛው ጫፍ የሚያናግራትን ሰው ታውቀዋለች? በዚህኛው ጫፍስ አጠገቧ ማን ተቀምጧል? የስልኩ ዓይነት፣ ቪዲዮ መኖር አለመኖሩ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታዎቹ ጥቂት እንበል። የሴቶች የመራቢያ አካል ካንሰር ስንል በዋናነት የማህፀን በር ካንሰርን፣ የማህፀን ግድግዳ ካንሰርንና የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርን ማለታችን ነው። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው የማህፀን በር ካንሰር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ ካንሰር ይያዛሉ፣ ከ5 ሺህ በላይ ደግሞ ይሞታሉ። የተያዙትና የሞቱት ቁጥር ይህን ያህል መቀራረቡ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዘግይተው መሆኑን ይናገራል። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበርም አትርሱ። ዛሬ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከላት ተጨምረዋል፤ ለአብዛኛው የአገሪቱ ሰው ግን ሕክምናው አሁንም ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች እኔን በጣም የሳበኝ በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ ክፍል የተደረገው ነው። ጥናቱን የመሩት ኪንታ ቢቨር የተባሉ የነርሲንግ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ እያለ የተገኘ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የታከሙ 259 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እንደተለመደው ሆስፒታል እየሄዱ ይታያሉ። ለሌሎቹ ደግሞ በካንሰር ሕክምና የሠለጠነች ነርስ በቀጠሮ ቀን ስልክ ትደውላለች። ቪዲዮ የለም፣ መተግበሪያ የለም። ተራ ስልክ ነው።

የተፈራው «ሐኪም ሳያያት የቀረች ሴት በጭንቀት ታልቃለች» የሚል ነበር። እንደተፈራው አልሆነም፤ በስልክ የተከታተሉት ሴቶች ሆስፒታል ከሚመላለሱት የበለጠ አልተጨነቁም። በሚሰጣቸው መረጃ ርካታም በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ከዚህ ይልቅ ልብ የሚባለው ሌላ ነው። ሆስፒታል የሚመላለሱት «ቀጠሯችን ሰዓቱን አልጠበቀም፣ አስጠበቁን» የማለታቸው ዕድል ከፍ ያለ ነበር። «የምታየኝ ባለሙያ የእኔን ጉዳይ በደንብ ታውቃለች» የማለት ዕድላቸው ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር።

እስቲ አስቡት። ፊት ለፊት ከታዩት ይልቅ በድምፅ ብቻ የተገናኙት «ታውቀኛለች» አሉ። ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፤ ነርሷ ከመደወሏ በፊት የታማሚዋን ፋይል ገልጣ ማንበብ ትችላለች፣ ስልኩን ይዛ የምታናግረውም ያችን ሴት ብቻ ነው። በተጨናነቀ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ካርዱን የሚገልጠው ታማሚዋ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ በመሐል በሩ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል።

ነገር ግን ይህን ውጤት እንዳለ አንስቶ እኛ ዘንድ መትከል ስህተት ይሆናል። የእንግሊዞቹ ሴቶች በሽታቸው ገና ሳይዛመት ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ናቸው፤ የመመለሱ ዕድል ዝቅተኛ ነው። በዚያ ላይ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ያሳያል፤ ደም ይታያል፣ ሕመም ይሰማል። ስለዚህ በስልክ የሚጠየቅ ጥያቄ ሊደርስበት ይችላል። በጨረር የታከመ የማህፀን በር ካንሰር ግን በዓይን መታየትና በእጅ መመርመር ይፈልጋል። በዚህ በሽታ ላይ ስልክ ሊሠራ የሚችለው አንዱን ቀጠሮ በአካል፣ አንዱን በድምፅ እያፈራረቁ ጉዞውን መቀነስ ነው። በየቀጠሮው መካከል ደግሞ «ይህ ነገር ቀጠሮዬን ልጠብቅበት ወይስ አሁን ልምጣ?» ለሚለው ጭንቀት መልስ መስጠት ይችላል።

ይህ ሁለተኛው ጥቅም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኒውዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 766 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። በሽታቸው የተሠራጨባቸው ሰዎች ናቸው፤ የማህፀንና የኦቫሪ ካንሰር ያለባቸውም አሉበት። አንደኛው ቡድን የሚሰማውን ምልክት፣ ማለትም ማቅለሽለሽ፣ ሕመም፣ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር የመሳሰለውን በኮምፒውተር እየሞላ ይልካል። ምልክቱ ሲብስ ለነርሷ መልእክት ይደርሳታል፣ እሷም ብዙ ጊዜ እርምጃ ትወስዳለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ምልክታቸውን ሲያሳውቁ የቆዩት ሰዎች በሕይወት የቆዩበት ጊዜ መካከለኛ ልኬት 31.2 ወር ሲሆን የሌሎቹ 26.0 ወር ነበር። አዲስ የካንሰር መድኃኒት አልተጨመረም። የተጨመረው ሳይረፍድ መሰማት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ያልለመዱት ታማሚዎች በአብዛኞቹ መለኪያዎች ከለመዱት ይበልጥ ተጠቅመው ተገኝተዋል። «የእኛ ሴቶች ቴክኖሎጂ አያውቁም» ለሚሉ ሰዎች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

እንግዲህ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ምክንያቱም ዋናው ችግር ያለው እዚያ ነው። አንዲት ሲስተር ገጠር ላለች ታማሚ ደወለች እንበል።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» ያነሳው ጎረምሳ ልጇ ነው።
«ከጤና ተቋም ነው፤ እናትህን ታገናኘኝ?»
«እማዬ! ስልክ! ከሆስፒታል ነው አሉ!» ድምፁ ጎረቤት ይሰማል። ስልኩ ደግሞ በላውድ ስፒከር ነው።
«ሃሎ፣ ማነሽ ልጄ?»
«ሲስተር ነኝ እናቴ፣ ያን ጊዜ የተገናኘነው። እንደምን አሉ?»
«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነኝ።»
«ሕመምስ?»
«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»
«ደምስ አይተዋል?»
ትንሽ ዝም። «የለም፣ ምንም የለም። ደህና ነኝ።»

ሲስተሯ «ምንም ምልክት የለም» ብላ መዝግባ ስልኩን ልትዘጋ ትችላለች። እኚያ እናት ግን ሳምንቱን ሙሉ ደም ሲያዩ ሰንብተዋል። ታዲያ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ሁለት ጎረቤት ቡና ላይ በተቀመጡበት ምን እንዲሉ ይጠበቃል? በእኛ ባህል «ደህና ነኝ» የሰላምታ መልስ ነው፤ የጤና ሪፖርት አይደለም። ሦስተኛውን «ደህና ነኝ» አልፎ የማይጠይቅ ባለሙያ ምንም አልሰማም።

እንዲህ ቢሆንስ?

«እናቴ፣ አሁን ብቻዎን ነዎት?»
«ኧረ ቡና እየጠጣን ነው።»
«እንግዲያው አሁን ላውጋዎት ወይስ ነገ ልደውል?»
«ነገ… ነገ ጠዋት፣ ልጆቹ ተማሪ ቤት ሲሄዱ።»
«እሺ፣ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አሁን ላውድ ስፒከሩን ያጥፉትና፣ የሚያስቸኩል ነገር ካለ አዎ ወይም አይ ብቻ ይበሉኝ። ደም አለ?»
«አዎ።»
«ብዙ ነው? ጨርቅ ያርሳል?»
«አይ።»
«በቃ፣ ነገ በሰፊው እናወራለን።»

በእነዚህ ጥቂት ቃላት የእኚያ እናት ክብርም ሕይወትም ተጠበቀ። ከማንኛውም ዓይነት ቪዲዮ ይልቅ እኔ ይህችን «ብቻዎን ነዎት?» የምትል ጥያቄ እመርጣለሁ። ሠልጣኝ ነርሶች ይህን እንደ ደም ግፊት መለካት ሊማሩት ይገባል።

ስልኩ የማን ነው የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባል፣ የወንድም፣ አንዳንዴም የሠፈር ባለሱቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገና ከሆስፒታል ሳትወጡ ሦስት ነገር ተነጋገሩ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ሌላ ሰው ቢያነሳ ምን ያህል ሊነገረው እንደሚችል ይወሰን፤ የካንሰር ክፍል መሆኑን የማትፈልጉ ከሆነ ተናገሩ፣ መብታችሁ ነው። የሚመቻችሁ ቀንና ሰዓትም ይያዝ። ሥዕልና የምርመራ ውጤት በቴሌግራም መላክ ዛሬ የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ይጠቅማል። ግን የዘመድ ስልክ ላይ የተላከ ወረቀት የዘመድ ሁሉ ወሬ ሊሆን እንደሚችል አስቡ፤ ከላካችሁ በኋላ አጥፉት።

በተቃራኒው ደግሞ ስልክ የሚያቀልለው ነገር አለ። ከጨረር ሕክምና በኋላ የሚመጣ የብልት መድረቅና መጥበብ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም፤ እነዚህን ወጣት ወንድ ሐኪም ፊት ተቀምጦ ማውራት ለብዙ እናት ከሕመሙ ይብሳል። ፊት ለፊት ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ከሴት ባለሙያ ጋር፣ ከቤት ጀርባ ቆሞ መናገር ይቀላል። አንዲት ሴት ክሊኒክ ውስጥ አፏን ያልከፈተችበትን ጉዳይ በስልክ ልትዘረዝረው ትችላለች።

በስልክ መነገር የሌለበት ነገርስ? የመጀመሪያው መርዶ። «ካንሰር ነው» ወይም «ተመልሷል» የሚለው ዜና፣ ሌላ መንገድ እስካለ ድረስ፣ ሰው ባለበት፣ ውኃ የሚያቀብል እጅ በቀረበበት ቢነገር ይሻላል። ሆኖም ሁሉም ሴት አንድ አይደለችም፤ «ለክፉ ዜና ሁለት ቀን በአውቶቡስ አታንከራቱኝ፣ ቤቴ ሆኜ ልስማው» የምትልም ትኖራለች። ታማሚዋን አስቀድሞ «ውጤቱ ሲመጣ እንዴት ልንገርዎት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

አሁን የማስጠንቀቂያዬ ክፍል ነው፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉት። ስልክ የማይተካቸው፣ ደውላችሁም መልስ ሳትጠብቁ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ያለባችሁ ሁኔታዎች አሉ። ኬሞ በመውሰድ ላይ ሆናችሁ ትኩሳት 38 ከደረሰ ማደር የለበትም፤ ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ባለበት ጊዜ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያሰጋል። ጨርቅ እያራሰ የማይቆም ደም። አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ በተለይ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት፤ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። የማያቋርጥ ትውከት ከሆድ መነፋት ጋር፣ ዐይነ ምድርና ጋዝ አልወጣ ሲል፤ የአንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል። የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ሽንቷ በጣም ከቀነሰ ደግሞ ዕጢው የሽንት ቱቦውን ተጭኖ ኩላሊቷን እየጎዳ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። ወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ሴት፣ ተመርምራ የማታውቅ ሴት፣ በስልክ «መድኃኒት እዘዙልኝ» ብትል መልሱ «ኑ» ነው። ሳያዩ መድኃኒት የሚያዝዙ ካሉ የርቀት ሕክምና እየሰጧት አይደለም፤ ጊዜዋን እየበሉባት ነው።

ዝግጅታችንን በኢንተርኔት የምትከታተሉ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ አድማጮች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በኮሮና ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ፣ አሜሪካ ውስጥ በስልክና በቪዲዮ መታየት በሰፊው ተለምዷል። እናታችሁ በቪዲዮ ስትታይ ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚዋ ልጇ ናት። ልጅ ግን ስለ እናቷ ደምና ብልት ስትጠየቅ ትሸማቀቃለች፤ እናትም ልጇን ላለማስጨነቅ ትደብቃለች። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክ ቀጠሮም ቢሆን። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ልጅ ልጅ ሆና እጇን ትያዝ፤ የማስተርጎሙን ሥራ ለባለሙያው ተዉት።

ታማሚዋ ስልክ ሳትነካ የምትጠቀምበት ሌላ መንገድም አለ፤ ሐኪም ከሐኪም ጋር ሲገናኝ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም በኒው ሜክሲኮ ኤኮ የተባለ አሠራር ጀመሩ፤ ሩቅ ያሉ ሐኪሞች በቪዲዮ ተሰባስበው የያዙትን ታማሚ ጉዳይ ያቀርባሉ፣ ስፔሻሊስቶች ሐሳብ ይሰጣሉ። ቴክሳስ የሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ይህንኑ ለማህፀን በር ካንሰር ተጠቅሞበታል፤ ሞዛምቢክ ካሉ ባለሙያዎች ጋርም ሠርቷል። ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥቁር አንበሳ ገና የዛሬ ሁለት አሥርት ዓመት ገደማ ሕንድ ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር በርቀት ተገናኝቶ ነበር። በዚህ መንገድ የአሶሳዋ እናት የምትታየው በምታውቀው ሐኪም ነው፤ ከጀርባው ግን ሌሎች አሉ። መቀበል አለመቀበል የሚባለው ችግር እዚህ ላይ እምብዛም አይነሳም።

የቀረኝ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ሳይነሳ የሚታለፈውም እሱ ነው። ብዙ ጊዜ በሆስፒታል ሪፖርት ላይ ታማሚ ተብሎ የሚቆጠረው ካርድ አውጥቶ በር ላይ የተሰለፈው ነው። በስልክ የተወራበት ሃያ ደቂቃ በሪፖርቱ ላይ ቦታ ከሌለው፣ ነርሷ የምትደውለው በራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ፣ በምሳ ሰዓቷ ይሆናል። ደግነት ጥቂት ወር ያስኬዳል፤ ከዚያ ይደክማል። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አንድ የሥራ መስመር ስልክ፣ ታማሚዎች ሚስኮል አድርገው ተመልሶ የሚደወልበት፣ በሳምንት የታወቁ ሰዓቶች፣ የተመደበች አንዲት ሲስተር፣ ለተደወለውም መዝገብ። ከመተግበሪያው በፊት ይህ ቢቀድም እላለሁ፤ የእንግሊዞቹም ጥናት የተሠራው በተራ ስልክና በሠለጠነች ነርስ ነበርና።

በሚቀጥለው ሳምንት የማህፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ለልጃገረዶች ስለሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባት ከአንዲት የጤና ባለሙያ ጋር እንወያያለን። ወላጆች ጥያቄያችሁን ከወዲሁ አዘጋጁ።